በዋሽንግተን ዙሪያ ቤት ስትፈልጉ ከከተማው ስም በፊት የቤቱን ቁጥር እዩ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖር ሐበሻ ቤተሰብ ልጁ ለትምህርት ሲደርስ፣ ወይም ልጆቹን ከአገር ቤት ሲያስመጣ፣ ቤት ፍለጋው ሁለት ነገር ማስታረቅ ይሆንበታል። ልጁ ጥሩ ትምህርት ቤት መግባት አለበት፤ ወላጅም ዳውንታውን ሥራው በሰዓቱ ደርሶ ማታ በጊዜ መመለስ አለበት። ምክር አይጠፋም። «ሲልቨር ስፕሪንግ ግቡ»፣ «ትምህርት ቤት ካላችሁ ፌርፋክስ ነው»፣ «አሌክሳንድሪያ ሐበሻ ይበዛል» ይባላል። በቅንነት የሚሰጥ ምክር ነው፤ ነገር ግን የከተማ ስም ይዞ ቤት የሚከራይ ሰው ብዙ ጊዜ ያሰበውን አያገኝም። ልጅ የሚመደበው በቤቱ አድራሻ ነው። የጉዞውን ርዝመት የሚወስነውም ቤቱ ከባቡር ጣቢያ ያለው ርቀትና የወላጁ ሺፍት የሚጀምርበት ሰዓት ነው።

ጉዳዩ ሰሞኑን ይበልጥ ከብዷል። በ2025 መጀመሪያ የፌዴራል ሠራተኞች ሙሉ በሙሉ ወደ ቢሮ እንዲመለሱ ከታዘዘ ወዲህ መንገዱም ባቡሩም ሞልቷል። በሜሪላንድ ትልቁ የሞንጎመሪ ካውንቲ የትምህርት ሥርዓትና በቨርጂኒያ ትልቁ የፌርፋክስ ሥርዓት ደግሞ የትኛው ሰፈር የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚገባ የሚወስነውን ድንበር እንደገና ሲፈትሹ ቆይተዋል። ጎረቤት ከ5 ዓመት በፊት ያገኘው ምደባ ዛሬ ለሚገባ ሰው ዋስትና አይሆንም። ከዚህ በታች ሰዓት የተጠቀሰው ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

ስሙ አንድ፣ ትምህርት ቤቱ ብዙ

ፖስታ ቤት የሚጠቀምበት የከተማ ስም ከአስተዳደር ወሰን ጋር አይገጥምም። ፎልስ ቸርችን እንውሰድ። የፎልስ ቸርች ከተማ የራሷ አነስተኛ የትምህርት ሥርዓትና አንድ ሃይ ስኩል፣ ሜሪዲያን፣ አላት። ነገር ግን «ፎልስ ቸርች» የሚል አድራሻ ካላቸው ቤቶች አብዛኞቹ የሚገኙት ከከተማዋ ወሰን ውጭ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ቤይሊስ ክሮስሮድስና ስካይላይን አካባቢ፣ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት በሚበዛበት፣ የተከራየ ቤተሰብ የፎልስ ቸርች አድራሻ ይዞ ልጁ ጀስቲስ ሃይ ስኩል ሊመደብ ይችላል። ጀስቲስ የካውንቲው ነው፤ ሰዎች «የፎልስ ቸርች ትምህርት ቤት» ብለው የሚያደንቁት ሌላው ነው።

አሌክሳንድሪያም እንዲሁ ናት። ከተማዋ አንድ ዋና የሕዝብ ሃይ ስኩል አላት፤ እስከ 2021 ቲ.ሲ. ዊሊያምስ ይባል የነበረው አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይ ስኩል ነው። በሩት 1 ወደ ማውንት ቨርነን ስትወርዱ ወይም ኪንግስታውን ስትገቡ ግን አድራሻው «አሌክሳንድሪያ» እያለ ትምህርት ቤቱ የፌርፋክስ ይሆናል፦ ማውንት ቨርነን፣ ዌስት ፖቶማክ፣ ኤዲሰን፣ ሄይፊልድ። ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ ጭራሽ የራሱ ከንቲባ ያለው ከተማ አይደለም፤ ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ያለ ሰፊ አካባቢ ነው። ዚፕ ኮድ 20910 ውስጥ ከቤት ወጥቶ በእግር ባቡር ጋ መድረስ ይቻላል። 20905 ውስጥ ያለ ቤት ደግሞ ያንኑ የሲልቨር ስፕሪንግ ስም ይዞ ባቡር በአቅራቢያው የለም።

ስለዚህ ቤት ከማየታችሁ በፊት የቤቱን ቁጥርና የመንገዱን ስም በትምህርት ሥርዓቱ ድረ ገጽ ላይ ባለው የምደባ ማፈላለጊያ አስገቡ። ዚሎና መሰል የቤት ማስታወቂያዎች ከሥር የሚጽፉት የትምህርት ቤት ስም አንዳንዴ ያረጀ ነው። ኤለመንታሪውን ብቻ አይታችሁ አትርኩ፤ ሚድል ስኩሉንና ሃይ ስኩሉንም አብራችሁ እዩ። ከአንድ ኤለመንታሪ የወጡ ልጆች ለሁለት ሚድል ስኩል የሚከፈሉበት ቦታ አለ፤ መንገድ ተሻግሮ ያለው ቤት ሌላ ጋ ይመደባል። ያገኛችሁትን ገጽ ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ቀጥሎ ለካውንቲው ደውላችሁ «ይህ አድራሻ በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ይለወጣል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሞንጎመሪ ካውንቲ ለ2027-28 ያጠናው ለውጥ አዲስ ከተሠራው የውድዋርድ ሃይ ስኩል መከፈት ጋር የተያያዘ ነው። የፌርፋክስ ቦርድ ደግሞ በ2024 ባሻሻለው መመሪያ ድንበሮች በየ5 ዓመቱ እንዲፈተሹ አድርጓል። የ6 ዓመት ልጅ ያለው ቤተሰብ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለውጥ ሊያጋጥመው እንደሚችል አውቆ ቢገባ ይሻለዋል።

ከበር እስከ በር

ሰው «ባቡሩ 30 ደቂቃ ነው» ይላል። ባቡሩ 30 ደቂቃ ነው እንጂ ጉዞው አይደለም። መቆጠር ያለበት ከቤት በር እስከ ሥራ በር ያለው ነው፦ እስከ ጣቢያ የሚኬደው፣ ወደ መሬት ውስጥ የሚወረደው፣ የሚጠበቀው፣ ባቡሩ፣ ከዚያ እስከ ሥራ የሚኬደው።

ሬድ ላይን የሚባለውን የሜትሮ ባቡር መስመር በምሳሌ እንውሰድ፤ የኛ ሰው በብዛት የሚኖረው በዚህ መስመር ምሥራቃዊ ክንፍ ነውና። ከሲልቨር ስፕሪንግ ዳውንታውን እስካለው ሜትሮ ሴንተር ጣቢያ ወደ 20 ደቂቃ፣ ከዊተን ወደ 26፣ ከመጨረሻው ጣቢያ ግሌንሞንት ወደ 30 ይሆናል። በምዕራቡ ክንፍ ከሼዲ ግሮቭ 40 ደቂቃ ይጠጋል። የዊተን ጣቢያ ተንቀሳቃሽ ደረጃ 70 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በምዕራቡ የዓለም ክፍል በአንድ ወጥ ዝርጋታ ረጅሙ ነው፤ ቆሞ የሚወርድ ሰው 3 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ፎረስት ግሌን ደግሞ ከሁሉም ጥልቁ ስለሆነ ተንቀሳቃሽ ደረጃ የለውም፤ መውጫና መግቢያው ሊፍት ብቻ ነው፣ በጠዋት ግርግር ሊፍት መጠበቅ አለ። እነዚህ ደቂቃዎች በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይከፈላሉ።

ሁለት ቤት እናነጻጽር። ዊተን ውስጥ ከጣቢያው 8 ደቂቃ የሚያስኬድ አፓርትመንት፦ 8 ለእግር፣ 3 ለደረጃው፣ 5 ለመጠበቅ፣ 26 ለባቡሩ፣ 8 እስከ ሥራ፤ ድምሩ 50። ጀርመንታውን ያለ ሰፋ ያለ ታውንሃውስ፦ እስከ ሼዲ ግሮቭ በመኪና በጠዋቱ ጭንቅንቅ 20፣ ፓርኪንግና እስከ ባቡሩ 7፣ መጠበቅ 5፣ ባቡር 38፣ እስከ ሥራ 8፤ ድምሩ 78። ልዩነቱ በአንድ ጉዞ 28 ደቂቃ፣ በቀን 56፣ በዓመት 230 የሥራ ቀን ቢታሰብ ከ210 ሰዓት በላይ ነው። ይህ የቤት ሥራ የሚታይበት፣ እራት አብሮ የሚበላበት፣ ከመምህር ጋር የሚገናኙበት ሰዓት ነው። እኛ በዚህ ላይ አቋማችን ግልጽ ነው፦ ደረጃው በሁለት ነጥብ ከፍ ያለ ትምህርት ቤት ወላጁን ማታ በ8 ሰዓት የሚያስገባ ከሆነ ልጁ የተጠቀመው ጥቂት ነው።

ከመከራየት በፊት መንገዱን ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ፣ ሺፍታችሁ በሚጀምርበት ሰዓት ሂዱበት። ቅዳሜ ቤት ለማየት ስትሄዱ ያያችሁት መንገድ ሌላ ነው። ጉግል ማፕ ላይ የመነሻ ሰዓት ስትሞሉ «ከ35 እስከ 70 ደቂቃ» ብሎ ቢመልስ ለዕቅዳችሁ 70ውን ያዙ።

ሺፍት ሁሉን ይለውጣል። ሜትሮ በሥራ ቀን የሚከፈተው ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው። ዳውንታውን ጋራዥ ወይም ሆቴል 6 ሰዓት የሚገባ ሰው ከግሌንሞንት በመጀመሪያዎቹ ባቡሮች ይደርሳል፤ 5:30 የሚገባ ግን መኪና ያስፈልገዋል። ከጀርመንታውንና ከጌትስበርግ ወደ ዩኒየን ስቴሽን የሚሄደው የማርክ ባቡር ብረንስዊክ መስመር ምቹ ይመስላል፤ ነገር ግን ጠዋት ወደ ዲሲ፣ ማታ ከዲሲ ብቻ ነው የሚሠራው። በቨርጂኒያ በኩል ከበርክና ከማናሳስ የሚመጣው ቪአርኢ የሚባለው ባቡርም እንዲሁ ለቢሮ ሰዓት የተሠራ ነው። ማታ 9 ሰዓት ከሥራ የሚወጣ ሰው በሁለቱም መመለሻ የለውም። ሲልቨር ላይን በኖቬምበር 2022 እስከ አሽበርን ከተዘረጋ ወዲህ ላውደን ካውንቲ የሚገቡ በዝተዋል፤ ባቡሩ ብቻ እስከ ሜትሮ ሴንተር አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ፐርፕል ላይን የሚባለው አዲስ የባቡር መስመርም በማስታወቂያ ላይ ሲጠራ ትሰማላችሁ። ቤተስዳን ከሲልቨር ስፕሪንግና ከኒው ካሮልተን ያገናኛል እንጂ ዳውንታውን አይገባም፤ ዛሬ ለሚከራይ ሰውም ገና አልደረሰም።

የትምህርት ቤት ደወልም ከዚህ ሒሳብ አይወጣም፤ ብዙ ቤተሰብ የሚረሳው ይህንን ነው። በሞንጎመሪ ካውንቲ ሃይ ስኩል 7:45፣ ሚድል ስኩል 8:15፣ ኤለመንታሪ ደግሞ 9:00 ወይም 9:25 ይጀምራል። ኤለመንታሪ ልጅ ያለው ወላጅ 9 ሰዓት ዳውንታውን መግባት ካለበት፣ ልጁን አድርሶ ለመድረስ ጊዜ የለውም። ጠዋት የሚቀበል ሰው ወይም በትምህርት ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ከትምህርት ሰዓት በፊት የሚሰጥ የልጅ እንክብካቤ ያስፈልጋል፤ እሱም ወረፋ ስላለው ልጁን ስትመዘግቡ በዚያው ሳምንት ጠይቁ። በካውንቲው ኤለመንታሪ ልጅ ቤቱ ከ1 ማይል በታች፣ ሚድል ስኩል ከ1.5፣ ሃይ ስኩል ከ2 ማይል በታች ከሆነ በመደበኛው ቢጫ ባስ አይመጣለትም። 0.9 ማይል ላይ ያለ ቤት ለ6 ዓመት ልጅ በጥር ብርድ ሩቅ ነው፤ አያት የሚያደርሱ ከሆነ ደግሞ የእግረኛ መንገድ መኖሩንና ትልቅ መንገድ ማቋረጥ አለማቋረጡን ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩ።

በመኪና ለመሄድ ያሰበ ሰው ዳውንታውን የወር ፓርኪንግ ብዙ ጊዜ ከ200 ዶላር በላይ እንደሆነ ያውቃል። ከፌርፋክስ በኩል I-66 አውራ ጎዳና ደግሞ ዲሲን ከሚዞረው ከቤልትዌይ ወደ ውስጥ ጠዋት ከ5:30 እስከ 9:30 ወደ ዲሲ፣ ከሰዓት ከ3 እስከ 7 ከዲሲ ሲወጣ ያስከፍላል። ዋጋው እንደ ጭንቅንቁ ይወጣል፣ ጣራ የለውም። ከዲሴምበር 2022 ወዲህ በነፃ ለማለፍ መኪናው ውስጥ 3 ሰው መኖር አለበት፤ ለሦስት ሰው የሚቀየር ኢ-ዚፓስ ፍሌክስ የሚባል የመንገድ ክፍያ መሣሪያም ያስፈልጋል። ባልና ሚስት ሁለት ሆነው የሚሄዱበት ነፃ መንገድ ቀርቷል። በሜትሮ የሥራ ቀን ዋጋ በ2024 ከተጨመረ ወዲህ እንደ ርቀቱ ከ2.25 እስከ 6.75 ዶላር ነው። በሞንጎመሪ ራይድ ኦን ባስ ከጁን 2025 መጨረሻ፣ በአሌክሳንድሪያ ዳሽ ባስ ከ2021 ጀምሮ ነፃ ናቸው። ዲሲ ውስጥ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ የትራንስፖርት ጥቅም እንዲያቀርብ ሕግ ያስገድደዋል። ብዙ የኛ ሰው አይጠይቅም፤ ጠይቁ፣ ቢያንስ የባቡሩ ገንዘብ ከታክስ በፊት ይቆረጣል።

ቁጥሩን ማንበብ

ከ1 እስከ 10 የሚሰጠው የግሬትስኩልስ ነጥብ ቤት ፈላጊን ሁሉ ይመራል። ነጥቡ በአብዛኛው የሚሠራው ከክልሉ ፈተና ውጤት ነው፤ የፈተና ውጤት ደግሞ ከወላጅ ገቢና ከወላጅ ትምህርት ጋር በጣም ይሄዳል። በቅርብ የመጡ፣ እንግሊዝኛ ገና እየተማሩ ያሉ ልጆች የበዙበት ትምህርት ቤት መምህራኑ ምንም ያህል ቢጠነክሩ ነጥቡ ዝቅ ይላል። ስለዚህ አጠቃላዩን ነጥብ ትታችሁ የእናንተን ልጅ የሚመስሉ ልጆች እዚያ ምን እንዳገኙ ፈልጉ።

በሜሪላንድ የክልሉ ሪፖርት ካርድ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል። ኮከቡን እለፉትና ወደ ውጤቱ ዝርዝር ግቡ፤ እዚያ እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆችን፣ ጥቁር ተማሪዎችን፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ለየብቻ መርጦ ማየት ይቻላል። ቀጥሎ ልጆቹ በዓመት ውስጥ ምን ያህል እንዳደጉ የሚያሳየውን ነጥብ እዩ። ቀጥሎ ከትምህርት ቀናት 10 በመቶውን የሚቀሩ ልጆች ድርሻ ስንት እንደሆነ ተመልከቱ፤ ይህ ቁጥር ከካውንቲው አማካይ በጣም ከፍ ካለ ትምህርት ቤቱ ሥርዓት ማስያዝ አቅቶታል ማለት ሊሆን ይችላል። ቨርጂኒያ ከ2025 ጀምሮ ትምህርት ቤቶችን በ4 ደረጃ የሚከፍል አዲስ መመዘኛ ይጠቀማል፤ እዚያም ያው ነው፣ ዝርዝሩ ከደረጃው ይበልጣል።

ከሁሉም በላይ ግን ሒሳብን ተከታተሉ። ልጅ በ12ኛ ክፍል ካልኩለስ እንዲደርስ አልጀብራ 1ን ቢዘገይ በ8ኛ ክፍል መውሰድ አለበት፤ ከዚያ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ 2፣ ፕሪካልኩለስ ይከተላሉ። ትምህርት ቤቱን ስትጎበኙ «በ8ኛ ክፍል አልጀብራ 1 የሚወስደው ስንት በመቶው ነው? እንግሊዝኛ የሚማሩትስ ይገባሉ?» በሉ። መልሱ ከማንኛውም ኮከብ ይበልጥ ይነግራችኋል። ከአገር ቤት የመጡ ልጆች በሒሳብ ብዙ ጊዜ ከእንግሊዝኛቸው ይቀድማሉ፤ በቋንቋ ምክንያት ዝቅ ያለ ሒሳብ ውስጥ የገባ ልጅ ካልተናገራችሁለት እዚያው ይቀራል።

ይህ ሁሉ ሲባል፣ ትምህርት ቤት ለውጥ አያመጣም ማለት አይደለም። በ2010 የወጣው የሄዘር ሽዋርትዝ ጥናት ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ በዕጣ በተለያየ ሰፈር የመንግሥት ቤት የደረሳቸውን ወደ 850 ልጆች ተከትሏል። ድሃ ልጅ ጥቂት በሆነበት ኤለመንታሪ የተማሩት፣ ኤለመንታሪ እስኪጨርሱ ድረስ በሒሳብ ድሃ ካልሆኑት የካውንቲው ልጆች ጋር የነበራቸውን ልዩነት በግማሽ አጥብበዋል። ልብ በሉ፦ ልጆቹ ብዙ ዓመት እዚያው ቆይተው ነው።

መቆየት ደግሞ ከኪራይ ጋር የተያያዘ ነው። ሞንጎመሪ ካውንቲ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ዓመታዊ ጭማሪን ከ6 በመቶ ወይም ከዋጋ ግሽበት ላይ 3 በመቶ ከተጨመረበት፣ ካነሰው እንዳይበልጥ አድርጓል፤ ከ23 ዓመት በታች የሆኑ አዳዲስ ሕንፃዎች ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ ጣራ የለም። ሊዝ ስትፈርሙ የሕንፃውን ዕድሜ መጠየቅ ያለባችሁ ለዚህ ነው፤ በየሁለት ዓመቱ በጭማሪ ምክንያት የሚዛወር ልጅ የትኛውም ትምህርት ቤት አይበጀውም። በዚያው ካውንቲ ከ1974 ጀምሮ የሚሠራው ኤምፒዲዩ የሚባለው መርሐ ግብር አልሚዎች ከሚሠሩት ቤት የተወሰነውን መጠነኛ ገቢ ላለው ሰው እንዲለቁ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ውድ በሆነ ሰፈርም እንዲህ ያለ ቤት ይገኛል። ለመግዛት ትምህርታዊ ስብሰባ መውሰድ፣ ከባንክ ቅድመ ፈቃድ ማምጣት፣ ከዚያ ዕጣ መግባት ያስፈልጋል። ለኪራይ ግን የሚኬደው በቀጥታ ሕንፃው ቢሮ ነው፤ «ኤምፒዲዩ ክፍት አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ። ታክሱም ይለያያል፦ ሞንጎመሪ ከደመወዝ ላይ ከ3 በመቶ በላይ የካውንቲ ታክስ አለው፤ ፌርፋክስ ይህ የለውም፣ ግን በየዓመቱ የመኪና ታክስ ያስከፍላል፤ ሁለት መኪና ያለው ቤተሰብ ይሰማዋል።

ልዩ ፕሮግራም ብላችሁ ውድ ሰፈር ለመግባት የምትጨነቁ ከሆነ አንድ ነገር እወቁ። ፌርፋክስ የሚገኘው ቶማስ ጄፈርሰን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሃይ ስኩል በ2020 የመግቢያ ፈተናውን አስቀርቶ፣ ለእያንዳንዱ የሕዝብ ሚድል ስኩል የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቹን 1.5 በመቶ ያህል ቦታ ይይዛል። አመልካቹ 3.5 አማካይ ውጤት (ጂፒኤ) እና አልጀብራ 1 ያስፈልገዋል። ጎበዝ ልጅ ከማይታወቅ ሚድል ስኩል ቢያመለክት ዕድሉ አልጠበበም ማለት ነው። ከአሌክሳንድሪያ ከተማና ከሜሪላንድ ግን ማመልከት አይቻልም። በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ ግሪንበልት ውስጥ ያለው ኤሌነር ሩዝቬልት ሃይ ስኩልም የሳይንስና ቴክኖሎጂ ፕሮግራም አለው፤ የግሪን ላይን ባቡርም ግሪንበልት ይደርሳል፣ ቤቱም ከሞንጎመሪ ይረክሳል። የኛ ሰው ይህን ካውንቲ ሳያይ ያልፈዋል፤ ሊታይ የሚገባው ነው።

ምዝገባ

የዘመድ አድራሻ ተጠቅማችሁ ልጅ አታስመዝግቡ። ሲታወቅ ልጁ ይወጣል፣ የትምህርት ክፍያም ሊጠየቅ ይችላል። በእውነት ከዘመድ ጋር የምትኖሩ ከሆነ ግን መብታችሁ ነው፤ በሞንጎመሪ የጋራ መኖሪያ ቅጽ ከባለቤቱ ጋር ሞልታችሁ በኖተሪ ታስመሰክራላችሁ። ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታ ትምህርት ቤት አይጠይቅም፤ ከ1982 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ማንኛውም ልጅ በነፃ የመማር መብት አለው። የሞንጎመሪ ትምህርት ቤቶች መረጃ በአማርኛ ያወጣሉ፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ልጅ የልደት ሰርተፊኬት፣ ማኅተም ያለበት ትራንስክሪፕት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ፣ የክትባት ካርድ፣ የሊዝ ውልና የመብራት ደረሰኝ ያዙ። ትራንስክሪፕቱ ከጎደለ ክሬዲቱ አይቆጠርም፤ 11ኛ ክፍል የነበረ ልጅ 9ኛ ላይ ሊጀምር ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚያዘገየው ክትባት ነው፦ የኩፍኝና የጆሮ ደግፍ ክትባት 2 ዶዝ፣ የጉድፍ (ቺክንፖክስ) ክትባትም እንዲሁ ይጠየቃል፤ የጉድፉ ደግሞ በኢትዮጵያ መደበኛ የልጆች ክትባት ውስጥ ስለሌለ አብዛኛው ልጅ አልወሰደውም። 7ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ለሚገባ የቴታነስ ማጠናከሪያና የማጅራት ገትር ይጨመራል። በሜሪላንድ በ20 ቀን ውስጥ የክሊኒክ ቀጠሮ መያዛችሁን የሚያሳይ ወረቀት ካቀረባችሁ ልጁ እስከዚያው ክፍል መግባት ይችላል፤ ስለዚህ ቀጠሮውን ወደ ምዝገባ ከመሄዳችሁ በፊት ያዙት።